የእናቴ ሰባት ቁልፎች

ንፋስ መውጫ ላይ ማመልከቻ የምጽፍና ኮምፒዩተር የምጠግን ሰው ነኝ። ጠዋት ሱቄን ስከፍት ከደጄ የሚጠብቀኝ ወይ የድንበር ክርክር ያለበት ገበሬ ነው፣ ወይ መስታወቱ የተሰበረ ስልክ የያዘ ተማሪ። ዛሬ የማጫውታችሁ ግን ከሱቄ ውጭ፣ በሦስት ቀን ውስጥ የሆነ ነገር ነው። ሦስት ቀን ለሰው ዕድሜ ምንም አይደለም። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ያው ሰው አይደለሁም።

ያኔ እልኸኛ ነበርኩ፤ አሁንም ሙሉ በሙሉ አልተወኝም። ቀኑን ሙሉ «ለክቡር ፍርድ ቤት» እያልኩ ስተይብ ስለምውል የእጄ አንጓ ይጠዘጥዘኝ ጀመር። መድኃኒት ፍለጋ ኢንተርኔት ላይ ሳስስ ለሁለት የተከፈለ ትንሽ ኪቦርድ አየሁ። ግራው ለብቻ፣ ቀኙ ለብቻ፣ መካከላቸውን አንድ ቀጭን ገመድ የሚያገናኛቸው፣ በእያንዳንዱ ወገን ዐሥራ ስምንት ቁልፍ ብቻ ያለው። እጅ ከቦታው ሳይነሣ ጣት ብቻ ይሠራል። አይቼ አላደርኩም፤ እሠራዋለሁ አልኩ።

ችግሩ ፊደላችን ነው። በኮምፒዩተር አማርኛ የምንጽፈው በፈረንጅ ፊደል ተሻግረን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ይህ ሁልጊዜ ያናድደኝ ነበር። ስለዚህ በኔ ኪቦርድ ላይ ፈረንጅ አይግባ ብዬ ሰላሳ ሦስቱን ፊደላት በግራው ወገን አሰፈርኳቸው። ሰባቱን ድምፅ ደግሞ፣ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ፣ በቀኙ ወገን አደረግኩ። በግራ ለን ሲጫኑ ለ ይወጣል፤ በቀኝ ሳድስን ሲጫኑ ል ይሆናል። ሰላሳ ሦስት ፊደል በዐሥራ ስምንት ቁልፍ እንዴት ይገባል ትሉኝ ይሆናል። ዐሥራ ሰባቱ ቁልፎች እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ፊደል ያዙ፤ ዐሥራ ስምንተኛውን በአውራ ጣት ነካ ሲያደርጉት ሁለተኛው ፊደል ይመጣል።

የትኛው ፊደል በየትኛው ጣት ሥር ይሁን ለሚለውም መላ አላጣሁም። በኮምፒዩተሬ ያጠራቀምኩትን ማመልከቻ ሁሉ ፊደል በፊደል አስቆጠርኩ። ብዙ የሚመላለሰውን በጠንካራ ጣት ሥር፣ አልፎ አልፎ ብቅ የሚለውን በትንሿ ጣት ጥግ አደረግኩ። «ፍርድ» እና «ፍትሕ» ስለሚበዙ ፈ የክብር ቦታ አገኘ። ጀ ደግሞ ከሁሉ ርቆ፣ የመጨረሻው ጥግ ላይ ሁለተኛ ፊደል ሆኖ ቀረ። አናጺ ወዳጄ ጣውላውን ቆረጠልኝ፤ ቁልፎቹን ከተሰባበሩ ኪቦርዶች ለቅሜ ፊደሉን በወረቀት ለጠፍኩባቸው። ሲያልቅ በራሴ እጅግ ኮራሁ። ከንፋስ መውጫ ሰው የሚበልጠኝ አለ ብዬ አላሰብኩም።

አሁን ወደ ቤተሰቤ ልግባ። አባየ የድጓ ምስክር ከሆነችው ከአገራችን ቤተ ልሔም ብዙም በማይርቅ ደብር ቄስና ቀኝ ጌታ ነበሩ። በማሕሌት ጊዜ መዘምራኑ ለሁለት ተከፍለው ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ የቀኙን ወገን የሚመራው ቀኝ ጌታ ነው፣ የግራውን ግራ ጌታ። አንዱ ይመራል፣ ሌላው ይቀበላል። አባየ በዚያ ላይ በግቢያችን ለልጆች ፊደል ያስቆጥሩ ነበር። ድምፃቸው ከወንዝ ማዶ ይሰማል፤ ቁጣቸውም እንደዚያው።

እኅቴ ትርንጎ ከእኔ በአራት ዓመት ታንሳለች። ከአባየ ተማሪዎች ለአንዱ ዲያቆን ታጭታ፣ ጠላው ተጠንስሶ፣ ሠርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው ከአንድ የአይሱዙ ሾፌር ጋር ጠፋች። መካነ ኢየሱስ ከተማ ገብታ ትዳር መሠረተች። አባየ ይህን ሲሰሙ ከቤተ ዘመዱ ፊት ቆሙና መስቀላቸውን አንሥተው ገዘቱ።

«ከደጄ እንዳትደርስ! ስሟም በቤቴ እንዳይነሣ!»

የአባት ግዝት ነው፤ ያውም የካህን። በእኛ አገር እንዲህ ያለውን ያሰረው ራሱ ካልፈታው በቀር ማንም ደፍሮ አይነካውም። ስድስት ዓመት ሙሉ እናቴ የገዛ ልጇን ስም አልጠራችም። ገበያ ወጥታ የትርንጎ ፍሬ የሚሸጥ ብታይ እንኳ «ያ ሎሚ መሳዩ ስንት ነው?» ነበር የምትለው። እንዲህ ስትል አጠገቧ ቆሜ ሰምቻታለሁ። ሣቄ መጥቶ ነበር፣ ፊቷን ሳየው ጠፋ።

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ የአባየ ደም ግፊት ከፍ ብሎ ወደቁ። ቀኝ ጎናቸው ደነዘዘ፣ ምላሳቸው ታሰረ። ያያቸው ባለሙያ «አእምሯቸው ደህና ነው፤ ሁሉንም ይሰማሉ፣ ያውቃሉ። መናገር ነው ያቃታቸው። ሁለተኛ ከተመለሰባቸው ግን…» ብሎ ቦርሳውን ዘጋ።

ነገሩ የጀመረው በአንድ ዓርብ ነው። የንስሐ አባታችን ሊያጽናኗቸው መጥተው ከመደቡ ጎን ተቀመጡ። ጥቂት ጸለዩና ጎንበስ ብለው ጠየቋቸው።

«ቀኝ ጌታ፣ ገዝተው ያልፈቱት አለ?»

አባየ አለቀሱ። እኔ አባቴ ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም ነበር።

«እንግዲያውስ እኔ በተሰጠኝ ሥልጣን ልፍታት?» አሉ የንስሐ አባታችን።

አባየ ራሳቸውን ወዲያና ወዲህ ወዘወዙ። እምቢ ነው። ከዚያ ደህናዋን የግራ እጃቸውን አንሥተው የገዛ ደረታቸውን መቱ። እኔ ማለታቸው ነበር። እኔ ነኝ ያሰርኩ፣ እኔው ልፍታ።

ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታ ላይ ወጣሁና ለትርንጎ ደወልኩ። ቁጥሯ ነበረኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ ስልኬ ውስጥ ነበር፣ በሌላ ሰው ስም ተመዝግቦ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት።

«ወንድምዓለም፣ ልቤ እዚያ ነው። ግን በቃላቸው ነው ያሰሩኝ፤ በቃላቸው ይፍቱኝ። አለቀሱ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ ብላችሁ አታምጡኝ።»

«ምላሳቸው ታስሯል እኮ እያልኩሽ ነው።»

«ይጻፉልኛ! ጽሕፈታቸውን አውቀዋለሁ። እንዲያው ደርሼ ግዝቱ ቢይዘኝስ? እኔስ ግድ የለኝም፤ ልጄን ቢይዝብኝስ?»

ልጅ እንዳላት እንኳ በደንብ አላውቅም ነበር። ስልኩን ዘግቼ ወደ ቤት ተመለስኩና አባየን በግራ እጃቸው እስክሪብቶ አስያዝኳቸው። ወረቀቱ ተቀደደ፤ ከተቀደደው ወረቀት ላይ የተረፈው ጭረት ብቻ ነበር። የስልኬን መስታወት አቀረብኩላቸው። ጣታቸው ስለሚንቀጠቀጥ አንዱን ሲነኩ አራት ይወጣል፣ አንዳንዴም መስታወቱ የደረቀ ጣታቸውን ከነጭራሹ አይሰማውም። ይኼኔ ነው ኪቦርዴ ትዝ ያለኝ። የኔ ቁልፎች ካልተጫኗቸው አይሠሩም፣ ቢንቀጠቀጡባቸውም አይደነግጡም። ፊደሉም የሚያውቁት ፊደል ነው። ያንኑ ከሰዓት ላመጣው ንፋስ መውጫ ሄድኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ተመለስኩ። መንደራችን መብራት የለም፤ ያለኝ በላፕቶፑ ባትሪ ውስጥ ያለው ብቻ ነው። አባየን ትራስ ደርቤ ቀና አደረግኳቸውና የግራውን ወገን ከመዳፋቸው ሥር፣ የቀኙን ከጎኑ አስቀመጥኩ።

«አባየ፣ ይዩ። ፊደል ነው። ይህ ለ ነው፣ ይህ መ። ሲጫኑት እዚያ ይታያል።»

እንደ አዲስ ተማሪ ትኩር ብለው አዩት። ከዚያ አንዱን ተጫኑ። ስክሪኑ ላይ ለ ወጣ። ዓይናቸውን ከፊደሉ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ ፊደሉ አመላለሱ። ከወደቁ ጀምሮ በዓለም ላይ አንድ ነገር በትክክል ያሉት ያን ጊዜ ነው።

ቀጥሎ ችግር መጣ። ሳድስን ለመጫን እጃቸውን አንሥተው ወደ ቀኙ ወገን ማሻገር ነበረባቸው። አሻገሩ፤ ል ሆነ። መለሱ። ግንባራቸው ላይ ላብ ወጣ። ከዚያ ጣታቸው አንድ ፊደል እየፈለገ በቁልፎቹ ላይ ዞረ። ዓይናቸው ጥጓ ላይ ካለችው ጀ ሲያርፍ እንዴት እንደምትመጣ አሳየኋቸው። በአውራ ጣታቸው ዐሥራ ስምንተኛውን ቁልፍ ነክተው ትንሿን ጣት ዘረጉ። አልደረሰችም። ደግመው ዘረጉ፣ ከጎኗ ያለው ጰ ወጣ። አጠፋሁላቸው። ሦስተኛ ጊዜ ጰ። አራተኛ ጊዜ ጣታቸው ሲታጠፍ አየሁ፤ ቁጣ መጣባቸው፣ ያ የድሮው ቁጣ። በመዳፋቸው ጣውላውን ገፉት። ከመደቡ ጠርዝ ላይ ወደቀና በገመዱ ተንጠለጠለ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«ተወው ልጄ» አለች እናቴ ከበሩ ሆና። «አታስጨንቃቸው።»

ልጄ ስትለኝ ነው ነገሩ የገባኝ። አባየ ሊጽፉ የፈለጉት እኮ «ልጄ» ነው! የመጀመሪያው ቃላቸው እሱ ነው። እኔ ደግሞ ያን ቃል ጥግ ወስጄ ጥዬዋለሁ። ለምን? ማመልከቻ ውስጥ ልጄ የሚል ሰው የለማ! አመልካች ነው፣ ተጠሪ ነው፣ ሟች ነው። ሰላሳ ሦስቱን ፊደላት የደረደርኳቸው ለተካሰሰ ሰው ነበር። ለክርክር ያዘጋጀሁትን ከአባየ እጅ ሥር አድርጌ ለናፍቆት ይጻፉበት አልኳቸው። ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ራሴን ሰደብኩት፤ ስድቡን እዚህ አልጽፈውም።

ስድብ ግን ባትሪ አይሞላም። ላፕቶፑን ጭኔ ላይ አድርጌ አቀማመጡን እንደገና ጀመርኩ። አሁን የሚቆጠር ማመልከቻ አልነበረኝም። አባት ለልጁ ምን ይላል? ልጄ ይላል። ነይ ይላል። ፈታሁሽ ይላል። ጀን አምጥቼ ጠቋሚ ጣታቸው ሥር አኖርኳት። ነ፣ የ፣ ሸ ተከተሏት። ፈ እዚያው ባለችበት ቆየች፤ ለፍርድ ያስቀመጥኳት ለ«ፈታሁሽ»ም ሆነች። ትንሿን ጣት ከሥራ ሁሉ አሳረፍኳት። በየቁልፉ የለጠፍኩትንም ወረቀት አዛወርኩ። ስጨርስ ከባትሪው ግማሹ ሄዷል።

ገብቼ «አባየ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፤ አሁን አስተካክዬዋለሁ» አልኳቸው። ቀስ ብለው ዞሩ። «እጅዎን ማሻገሩ ነው የሚያደክምዎት፤ የቀኙን እኔ እጫንልዎታለሁ» ብዬ እጄን ዘረጋሁ። እጄን ገፉት። ዓይናቸው ከእኔ አልፎ ወደ እናቴ ሄደ፤ በጣታቸው ጠቆሟት።

«እኔን?» አለች እናቴ ደንግጣ። «ፊደል የማላውቅ ሴት?»

አባየ ጣውላውን አንዴ መታ አደረጉት። አዎ ነው።

እናቴ ጠጋ ብላ «ስንት ነው የሚጫኑት?» አለችኝ።

«ሰባት።»

«ሰባትማ አውቃለሁ። አርባ ዓመት ከደጄ ሲጮኹ እሰማ የለም እንዴ!» አለችና በተማሪዎቹ ዜማ ወረደችው። «ለ ግዕዝ፣ ሉ ካዕብ፣ ሊ ሣልስ፣ ላ ራብዕ፣ ሌ ኃምስ፣ ል ሳድስ፣ ሎ ሳብዕ!»

ፊደል ብታሳዩዋት ከጎመን ዘር አትለየውም፤ በጆሮዋ ግን ሰባቱን እንደ ልጆቿ ታውቃቸዋለች። እኔ ይህን በዚያ ቤት ተወልጄ አድጌ አላወቅሁም ነበር።

ቁልፎቹን አንድ በአንድ ነገርኳት። ወዲያው ጨቀጨቀችኝ።

«ይኼ ምን ይሉታል? ሳድስ ከግዕዝ ይቀድማል?»

«እማየ፣ ሳድስ ብዙ ስለሚመጣ ነው፣ ለጣት እንዲቀርብ…»

«ተማሪ እንዲህ አድርጎ ቢቆጥር ቀኝ ጌታ በአለንጋ ነበር የሚሉት። በተራው አድርግልኝ።»

የብዙ ወር ጥበቤ በአንድ አለንጋ ተፈታ። በተራው አደረግኩላት፤ አራቱን ከላይ፣ ሦስቱን ከታች። የመጀመሪያዋ ላይ ጣቷ እንዲለያት የቁስል ፕላስተር ቆርጬ ለጠፍኩ። ባትሪው ሩብ ያህል ቀርቶታል።

ሁለቱን ወገኖች ጎን ለጎን ላስቀምጥ ስል ደግሞ አባየ እምቢ አሉ። በእጃቸው ወዲያ ማዶ አሉኝ። እናቴ ከመደቡ ወዲያ በበርጩማ ተቀመጠች፤ የቀኙ ወገን ወደ እሷ ዞረ። ፊት ለፊት ሆኑ፣ በመካከላቸው ገመዱ። ይኼኔ ማሕሌቱ ትዝ አለኝ። እሳቸው ሊመሩ፣ እሷ ልትቀበል ነው። ትርንጎ እጃቸውን አይታ እንድታምን ስልኬን ምሰሶው ላይ አስደግፌ ቪዲዮ ከፈትኩና የወጣውን ፊደል ጮክ ብዬ ለማንበብ መካከላቸው ቆምኩ።

አባየ ተጫኑ።

«ለ» አልኩ።

እናቴ አሰበች። «ል ነው፣ ቀኝ ጌታ?» ጣውላው አንዴ ተመታ። ሳድስን ተጫነች።

«ጀ» አልኩ። ጠቋሚ ጣታቸው ሳትቸገር ነበር ያገኘቻት።

«ልጄ» አለች እናቴ በቀስታ። ኃምስን ተጫነች።

«ተ» አልኩ።

እናቴ እጇን ከቁልፎቹ ላይ አነሣች። ቀጥሎ የሚመጣውን ሦስታችንም እናውቅ ነበር።

«ቀኝ ጌታ፣ ገዝተውኛል እኮ» አለች።

አባየ ጣውላውን አንዴ መቱ።

«ልበለው?»

አንዴ መቱ።

«እኔንም ፈቱኝ?»

መምታቱን ተዉት። እጃቸውን ከጣውላው አንሥተው ገመዱን ተሻግረው ወደ እሷ ዘረጉት። ያቺ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ለመሻገር ላብ ያስወጣቻቸው እጅ የእናቴን እጅ ያዘችና ከቁልፎቹ ላይ መልሳ አኖረቻት።

እናቴ ሳድስን ተጫነች። አባየ ረን፣ እሷ ሳድስን። አባየ ነን፣ እሷ ሳድስን። አባየ ገን ሲጫኑ ግን እኔ እንዳነብላት አልጠበቀችም።

«ትርንጎ» አለች። ሳብዕን ተጫነችና እንደገና «ትርንጎ» አለች። ሦስተኛውን ስትለው ድምፅዋ ተሰበረ። እኔም አብሬ አለቀስኩ፤ የማነብበው ፊደል ሁሉ ጭጋግ ሆነብኝ።

የቀረው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ወሰደብን። እናቴ ስትስት አባየ ሁለቴ ይመታሉ፤ «ምነው፣ ካዕብ ነው እንዴ?» ትልና ታርማለች። ኋላ ኋላ ፊደሉን ሳልጨርስ ቃሉን ትላቸው ጀመር። ተጋብተው የኖሩበት ዘመን ሁሉ የሚሉትን ስታውቅ መኖሯ ነው። የወጣው እንዲህ ይላል።

«ልጄ ትርንጎ፣ በአፌ ያሰርኩሽን በጣቴ ፈታሁሽ። ነይ።»

«እኔስ?» አለች እናቴ። «እኔ የምላት የለኝም?»

አባየ ጣታቸውን በቁልፎቹ ላይ አዘጋጅተው አዩዋት። አሁን እሷ ተናገረች፣ እሳቸው ተከተሉ።

«ዳቦ ገዝተሽ እንዳትመጭ፣ ቤት አለ።»

ስድስት ዓመት አምቃ የላከችው መልእክት ይኼ ነው። እናትን የማታውቁ ሣቁባት።

ጽሑፉን ወደ ስልኬ ባሻገርኩ በጥቂት ደቂቃ ላፕቶፑ ጠፋ። ኔትወርክ ወደሚገኝበት ጉብታ ሮጥኩ። ጽሑፉን ላክሁ፤ ቪዲዮውን ለመላክ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ እየተመላለስኩ ብዙ ደከምኩ። በመጨረሻ ሄደ። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ። ፀሐይ ወደ ማዘቅዘቂያዋ ስትደርስ ስልኬ ጮኸ።

«ማን ነው የጻፈው?» አለች ትርንጎ።

«ቪዲዮውን አላየሽውም?»

«አይቼዋለሁ። ወንድምዓለም፣ ድምፁን ጨምሬ ነው ያየሁት። የምትናገረው እማየ ናት?»

«እማየ ናት።»

«ስሜን ጠራችኝ?»

«ጠራችሽ።»

ከዚያ ወዲያ የሰማሁት ለቅሶዋን ነው። ስትጨርስ «በጠዋቱ መኪና እነሣለሁ» ብላ ዘጋች።

እሑድ ከቀትር በኋላ ደረሰች። ከመካነ ኢየሱስ ደብረ ታቦር፣ ከደብረ ታቦር ንፋስ መውጫ፣ ከዚያ ወደ እኛ፣ የአራት ዓመት ሴት ልጇን አዝላ። አጥሩ ጋ ስትደርስ እግሯ ቆመ። ከስታለች። እኔ ልቀበላት ስወጣ እጇን አንሥታ ከለከለችኝ።

«አንብብልኝ።»

«አንብበሽው የለም እንዴ?»

«እዚህ ቆሜ ልስማው።»

ስልኬን አውጥቼ አነበብኩላት። «በጣቴ ፈታሁሽ» የሚለው ላይ ስደርስ ዓይኗን ጨፈነች። ነይ የሚለውን ግን ማንበብ አላስፈለገኝም፤ እናቴ ከቤት ወጥታ ነበር። ነጠላዋ ወድቆ፣ ሁለት እጇን ዘርግታ፣ ስሟን እየጠራች ወረደች። ጎረቤቱ ሰው የሞተብን መስሎት ወጣ።

አባየ የግራ እጃቸውን ትርንጎ ራስ ላይ ጭነው ብዙ ቆዩ። ምንም አልጻፉም፤ የሚጽፉበትም ባትሪ አልነበረም። እናቴ ግን አላረፈችም። «ትርንጎ፣ ተቀመጪ። ትርንጎ፣ ብዪ እንጂ። ትርንጎ፣ ውኃውን አቀብይኝ። ትርንጎ፣ ልጅሽ ጫማዋን አውልቃለች፤ ትርንጎ፣ እይልኝ።» ለሁለት ቃል ሥራ ስሟን ሦስቴ ትጠራለች። አባየ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡ ነበር።

በሳምንቱ ቆረቡ። ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ያህል ቆይተው አረፉ። ትርንጎ በየጊዜው እየመጣች የእናቴን በርጩማ ትወስድና ከአባየ ጋር ትጽፍ ነበር፤ የጻፉትን አላየሁም፣ አልጠየቅሁም።

ኪቦርዱን ያዩ ሰዎች አቀማመጡን ስጠን ይሉኛል። ለማን እንደሚጽፉ ሳልጠይቅ አልሰጥም። ብዙዎቹ ያላግጡብኛል። ማመልከቻ እየቆጠርኩ ልጄን ጥግ የጣልኩ ሰው እንደሆንኩ አያውቁም። እናንተ ግን አሁን አውቃችኋል፤ በቤታችሁ ስሙ የማይነሣ ሰው ካለ የእኛን ያህል አትቆዩ። ስድስቱን ዓመት የሚመልስልን አላገኘንም። አባየ የልጅ ልጃቸውን ያወቋት ለሁለት ወር ነው፤ ድምፃቸውን እሷ አትሰማውም፣ ያ ከወንዝ ማዶ የሚሰማውን።

አንድ ያልነገርኳችሁ አለ። ይህ ሁሉ ከመሆኑ ሁለት ዓመት በፊት ደብረ ታቦር መናኸሪያ ትርንጎን አይቻት ነበር። በሰው መካከል ቆማ፣ ሕፃን ታቅፋ። ግዝቱን ፈራሁ፤ እሱን ብቻ ፈራሁ ብል ግን እዋሻለሁ፣ አባየን፣ ወሬውን፣ ሁሉን ፈራሁ። ፊቴን አዞርኩና አውቶቡስ ውስጥ ገባሁ።

የአባየ አርባ ከወጣ በኋላ ይህንን ነገርኳት። ድንች እየላጠች ነበር።

«አውቃለሁ» አለች፣ ከድንቹ ቀና ሳትል። «ሦስት ጊዜ ስምህን ጠርቼህ ነበር።»

ሰምቻት ነበር።